ውርጭ በመተማ

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ ሳምንት ሳይሞላ እናቴ አድማ መታች። አድማዋ ጩኸት አልነበረውም። ጓዳ ውስጥ ባለው አንገረቧ ላይ፣ በዚያ በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ በቃ። ምግብ ሲገባላት ትበላለች፣ ውሃ ሲሰጧት ትጠጣለች፣ የሰርጉ ነገር ሲነሳ ግን ጆሮዋ ይደነቁራል።

ሰርጉ የታናሽ እህቴ ነው። ታላቋ እኔ ነኝ፤ ቆሜ የቀረሁት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ቀበሌያችን በአንድ ግቢ ከአሥር ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ብሎ ነበር። ቆጠርን። ሙሽራውና ሙሽሪት ሁለት፣ ሚዜዎቹ ሁለት፣ የሙሽራው አባትና እናት ሁለት፣ የንስሐ አባታችን አንድ፣ እናቴና እኔ ሁለት። ዘጠኝ። አሥረኛው ከየትኛው ወገን ይሁን በሚለው ሁለቱ ቤተሰቦች ቀናት ሙሉ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ወጡን የሚሠራ ሰው እንደሚያስፈልግ ትዝ አለንና ክርክሩ ቆመ።

እናቴ ደግሞ በሰፈራችን ሽንኩርቱን ያልከተፈችው ሰርግ የለም። የሰው ልጅ ሲዳር እንባዋን እያፈሰሰች፣ ግማሹን በደስታ ግማሹን በሽንኩርት፣ አርጅታለች። ቁጥሩን የሰማች ዕለት፣ ገና ወደ ግድግዳ ሳትዞር፣ እንዲህ አለችን።

«የኔ ተራ ሲደርስ አሥር ሰው? አባታችሁ የለ፤ መራቂዋ እኔ ነኝ። ምርቃት ደግሞ አሜን ባይ ይፈልጋል። አሥር ሰው አሜን ቢል ከጣራ አያልፍም። ሰው በሌለበት አልመርቅም። አራዝሙት።»

ማራዘም አይቻልም ነበር። ሙሽራው ኮኪት በኩል ባለ የሰሊጥ እርሻ የትራክተር ኦፕሬተር ነው። ዝናብ አንዴ ጠብ ካለ ከትራክተሩ ላይ የሚያወርደው የለም። ከዚያ ጾም ይገባል፣ ከዚያ ክረምት ነው፣ ከዚያ አጨዳ። እህቴ በበኩሏ ቁርጡን ተናገረች። «የእማዬን ጉልበት ስሜ ካልተመረቅሁ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አልልም» አለች። እሷም የእናቷ ልጅ ናት።

እንግዲህ በሁለት ግትሮች መካከል የቀረሁ እኔ ነኝ። እናቴን ከአንገረቡ ማስነሳት የኔ ሥራ ሆነ። ዲኮሩም የኔ ሥራ ሆነ፤ ምክንያቱም ከጎንደር ሊመጣ የነበረው የዲኮር ባለሙያ የሕዝብ መኪና ሲቆም እዚያው ቀረ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ደውሎ «ቪዲዮ ልላክልሽና እያየሽ ሥሪው» አለኝ። የላከው ቪዲዮ ላይ ያለው አዳራሽ የኛን ሰፈር ከነፍየሎቹ ይውጣል።

ቪዲዮውን ሳይ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እናቴ የወገራ ልጅ ናት። ቆላውን አርባ ዓመት ኖራበት ገና አልታረቀችውም። «እዚህ አገር ምን አበባ አለ? ያለው እሾህ ነው፣ እሱም ሲያብብ ይዋጋል» ትላለች። «እኛ አገር ጽጌረዳው በየአጥሩ ላይ ነው፤ አላፊው ቀጥፎ የሚሄደው።» የፕላስቲክ አበባማ አይነሳባት፤ አቧራ የሚጠጣ አበባ ትለዋለች። እኔም በልቤ፣ በሰው ያልተነሳች ሴት በጽጌረዳ ትነሳለች አልሁ።

የምሠራው መንገድ ዳር ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳና ከርከዴ፣ ያን ከደረቅ አበባ የሚፈላ ቀይ መጠጥ፣ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ባብዛኛው ሹፌሮች ናቸው። ያን ሰሞን ድንበሩ ስለተዘጋ ገበያው ቢቀዘቅዝም ጭነት አልተከለከለም ነበር። ከጎንደር ድንችና ሽንኩርት የሚያመጣ አንድ ደንበኛዬን ጽጌረዳ እንዲያመጣልኝ ለመንሁት።

«ጽጌረዳ? የማን ቀብር ነው?» አለኝ።

«ሰርግ ነው! አፍህን በቁርበት!»

ሰርጉ እሁድ ሊሆን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሁለት ትልልቅ እቅፍ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ፣ በረጠበ ጋዜጣ ተጠቅልሎ። «ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አስቀምጬ፣ ቀበቶ አስሬላቸው ነው የመጣሁ» አለኝ። እናቴ ድንገት አይታ እንድትደነግጥ ስለፈለግሁ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ጥፋቴም የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ደገኛ ብጠይቅ ኖሮ ያድነኝ ነበር።

እኔ ተወልጄ ያደግሁ መተማ ነው። ለመተማ ሰው የነገር ሁሉ ጠላት ሙቀት ነው። ቅቤውን ያቀልጠዋል፣ ወተቱን ያኮመጥጠዋል፣ ሰውም ራሱ ቀትር ላይ ይበላሻል። ሙቀት የሚያበላሸውን ብርድ ያድነዋል። ይህ ለኔ እንደ አቡነ ዘበሰማያት የታወቀ ነገር ነበር። ብርድ የሚገድለው ነገር አለ ብሎ ያስተማረኝ ማንም የለም። ስለዚህ ጽጌረዳዎቼን እንደ ሕፃን አቅፌ ወሰድሁና ሱቄ ያለው ፍሪዘር ውስጥ፣ በውሃ ጠርሙሶቹ መካከል አጋደምኋቸው። ማቀዝቀዣውንም እስከ መጨረሻው ጠመዘዝሁት፤ ለእህቴ ሰርግ ምን ይሰሰታል?

በኛ ሰፈር መብራት በቀን ሦስት ጊዜ ይጠፋል። እሁድ እስኪነጋ ድረስ ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልጠፋም።

ጧት ስከፍተው እንዴት ያምሩ ነበር! ቀዩ ቀይ፣ ነጩ ነጭ፣ ላያቸው ላይ ስስ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። አንዱን አንስቼ ከፍሪዘሩ ጠርዝ ጋር ነካ ሳደርገው ቋ አለ። ጽጌረዳ ቋ ሲል እንኳ ነገሩ አልገባኝም፤ ጥንካሬው አኮራኝ። ግቢያችን አምጥቼ በሳፋ ዘረጋኋቸው። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነበር። መጀመሪያ አንገታቸው ተሰበረ። ቀጥሎ ነጩ ቡናማ ሆነ፣ ቀዩ ጠቆረ። ወዲያው ሁሉም ውሃ አዝሎ ተልፈሰፈሰ።

እህቴ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተንጨብርሮ ብቅ አለችና ሳፋውን አየችው።

«ጎመኑን ማን አዘዘ?» አለችኝ።

እኔ ሰው ፊት አላለቅስም፤ ያን ጧት ግን አለቀስሁ። አበባው ብቻ አልነበረም። በዚያ አበባ እናቴን አስነሳታለሁ ብዬ ነበር፤ ካልተነሳች እህቴ አትመረቅም፣ ካልተመረቀች አትወጣም። ሙሽራው ሰባት ሰዓት ላይ ይደርሳል።

«ኧረ ይኼስ ውርጭ የመታው ነው።»

ዞር ስል እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ወደ ሳፋው መጥታ አንዱን አነሳች፣ በጣቶቿ አሸት አደረገችው፣ አሸተተችው።

«ባቄላችን እንዲህ ነበር የሚሆን። ማታ አበባ፣ ጧት ጥቁር። አንች፣ ቆላ ላይ ውርጭ ከየት አመጣሽ?»

«ከፍሪዘር» አልኋት።

«ጽጌረዳ ፍሪዘር ውስጥ?»

ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ፣ ከዚያ ደፉ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አርባ ዓመት ሙሉ ተጠብሼ ተጠብሼ፣ ውርጩ ቤቴ ድረስ ይምጣልኝ?» ሳቋ ሲበርድ ቀና ብላ አየችኝ። «ለማን ብለሽ ነው?»

«ላንች።»

የጠቆረውን አበባ ትንሽ ይዛ ቆየች። በቃ ተነሳች፣ ተሳካልኝ ብዬ በልቤ እልል ማለት ስጀምር ቀሚሷን አራግፋ ቆመች።

«ደግ ነው፤ አበባሽን አይቻለሁ። አሜን ባዩስ?» አለችና ተመልሳ ገብታ ተኛች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

አጥራችን የማሽላ አገዳ ነው። ነገር አይሸሽግም፣ ፍየልም የሚያከብረው ሲመቸው ብቻ ነው። ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩት ጎረቤታችን፣ ከእናቴ ጥቂት ዓመት የሚበልጡ ባልቴት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስንጥቁ ሲያዩ ኖረዋል።

«ልጄ፣ አበባሽ ተቀቀለ መሰለኝ» አሉኝ። ቀጥሎ አንድ ነጭ አጎበር በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። «በይ ይኼን ሰቅለሽ አስጊጭው። ታጥቧል። ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አዙሪው።»

በኛ አገር ወባ ስላለ አጎበር የሌለው ቤት የለም። የባልቴቷ አጎበር ሲሰቀል በግራም በቀኝም ያሉት ሰሙ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኝ አጎበር ደረሰኝ። ከሱቄ አንድ ማዳበሪያ ከርከዴ አመጣሁና ግማሹን በድስት አፍልቼ አጎበሮቹን ሮዝ ላደርጋቸው ነከርኋቸው። አጎበር ቀለም አይወድም ለካ። አንዳንዱ ጋ ሮዝ ሆነ፣ አንዳንዱ ጋ እምቢ አለ፣ የቀረው ጋ ደግሞ ውሃው ብቻ ቀይ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቀዳዳ ባገኘሁበት ሁሉ ደረቅ ከርከዴ ቋጥሬ በክር አሰርሁት፤ ከሩቅ ሲያዩት የጽጌረዳ እምቡጥ ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉት ቀዳዳ ነው። አጎበሩ በተቀዳደደ ቁጥር ዲኮሩ አማረ።

አጎበር ያመጣችው ሴት ሁሉ ታዲያ በአጥሩ ላይ አንድ ጥያቄ ትጥላለች። «እኛስ ከየት ሆነን እንየው?» ሦስተኛዋ ስትጠይቀኝ በእጄ የያዝሁት መርፌ ቆመ። ቀበሌው ያለው በአንድ ግቢ ከአሥር አይብለጥ ነው። የነሱ ግቢ ደግሞ የነሱ ነው።

«ከቤታችሁ እዩታ!» አልሁና አገዳውን መንቀል ጀመርሁ።

በሦስቱም ጎን መስኮት የሚያህል ከፈትሁ። ባልቴቷ ግን «የኔን የበር ያህል አድርጊው፤ መስኮት አይበቃኝም» ብለው አስጨመሩኝ። በየክፍቱ ላይ አጎበሮቹን ጋረድሁ። ለእናቴ ምንም አልነገርኋትም። አንዴ የተቃጠልሁ ሰው ነኝ፤ ከሷ በፊት ፀሐይ ትየው፣ እንደ ጽጌረዳው የሚቀር ከሆነ ሳታይብኝ ይቅር ብዬ።

ሙሽራው በሰዓቱ መጣ። አንደኛው ሚዜ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ አጎበሩ ሥር በኩራት ቆመ፤ ሲንጠባጠብበት ትከሻው ሮዝ ሆነ፣ እኔም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው አልሁት። ገና ከመቀመጣቸው የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማስኳን አድርጋ፣ ደብተሯን ይዛ ገባች። ጓዳ ያለችውን እናቴን ጨምራ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረችን። አሥር። ሁለተኛ ቆጠረች። አሥር። ከዚያ ቀና አለች።

«አጎበር ነው ይኼ? በየቤቱ እየዞርሁ ‹አጎበር ለአልጋ ብቻ ነው› ስል ጉሮሮዬ ደረቀ፤ እናንተ ሰርግ ታስጌጡበታላችሁ?»

«ታዲያ ሙሽሮቹስ ወዴት የሚሄዱ መሰለሽ?» አልኋት።

የንስሐ አባታችንን ድንገት ሳል ያዛቸው። በዚያ ሰሞን ሳል ቀልድ አልነበረምና የሙሽራው አባት ከነወንበራቸው ሁለት ክንድ ሸሹ። ልጅቱ ሳቋን በማስኳ ውስጥ ስታፍን ዓይኗ አሳበቃት። ያኔ ነው በስተጀርባ ያለው አጎበር የተንቀሳቀሰው።

«ከዚያ ወዲያ ማነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ ባልቴቷ። «ግቢዬ ውስጥ ነኝ፤ ሽንኩርት እየላጥሁ ነው።»

«በዚህ በኩልስ?»

«ምስር እየለቀምን!» አሉ ብዙ ሴቶች ባንድ ድምፅ።

ሄዳ አጎበሩን ገለጥ አደረገችው። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ተኩለው፣ ምስርም ሆነ ሰፌድ በእጃቸው የለም። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «እሽ፤ ተራርቃችሁ ልቀሙ» አለች። «አጎበሩን ደግሞ ሲመሽ እየዞርሁ አያለሁ፤ አልጋ ላይ ካላገኘሁት አንላቀቅም።» ከዚያ በሩ ጋ ሄዳ ቆመች፤ አልወጣችም።

የቀረው እናቴ ናት። እህቴ በሙሽራ ልብሷ ጓዳው ደፍ ላይ ተንበረከከች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ወደ ውስጥ አጮለቅሁ። እናቴ አንገረቧ ላይ ተቀምጣለች። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች፤ መቼ እንደለበሰችው እግዜር ይወቅ። ፊቷ ግን እንደተቋጠረ ነው።

«አሥር ናችሁ» አለች።

«እማዬ፣ አንድ ብቻ ሞክሪ» አልኋት። «ከጣራ ካላለፈ ተይው።»

ይህችስ ደግሞ ምን አብስላ ነው በሚል ዓይን አየችኝ። ከዚያ እጇን በእህቴ ራስ ላይ አድርጋ፣ ለራሷም ሊሰማት በማይችል ድምፅ «እስቲ… የወለድሽው ይደግልሽ» አለች።

ከአጎበሮቹ ወዲያ ያሉት አልሰሙም። «ጮክ በይ!» አልኋት፤ እናቴን የተቆጣሁበት ብቸኛ ቀን ነው።

«የወለድሽው ይደግልሽ!» አለች በንዴት።

«አሜን!»

ከጀርባ፣ ከግራ፣ ከቀኝ መጣ። የቤቱ ቆርቆሮ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። እናቴ ከአንገረቡ ተነሳች። እህቴን እጇን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች፣ ባልቴቷ ጋ ያለውን አጎበር በጣቷ ገለጠች። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽንኩርታቸውን የከተፈችላቸው ሴቶች በሙሉ፣ በሦስቱም ግቢ ተራርቀው ቆመዋል።

ከዚያ ማን ያስቁማት! ጎጇቸውን መረቀች፣ ከብታቸውን መረቀች፣ ገና የሌላቸውን ከብት። «ትራክተርህ አይገልበጥ!» «አሜን!» «ጎማው አይፈንዳ!» «አሜን!» «ድንበሩ ይከፈት!» ይህን አሜን ከሁሉ በላይ የጮህሁት እኔ ነኝ። «ይኼ በሽታ እንደ ጧት ውርጭ ፀሐይ ሲወጣ ይርገፍ!» «አሜን!» የሙሽራው አባት ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው አሥር ጊዜ ተነሥተው አሥር ጊዜ ተቀመጡ።

በመካከል ምርቃቱን አቁማ አጎነበሰች። እንባ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስትል ግን ዓይኗ ደረቅ ነው።

«እኔ ከወገራ ስወጣ አሜን ያለልኝ የለም» አለች። የምትናገረው ለማን እንደሆነ አልታወቀኝም። «አባታቸውን ተከትዬ ነው የመጣሁ። አባቴ አልፈቀዱም ነበር። ጉልበታቸውን ሳልስም ወጣሁ፤ ዞሬም ሳላያቸው ሞቱ። ልጄ እንኳ እንደኔ እንዳትወጣ ብዬ ነው እንጂ ግትር ሆኜ አይደለም።»

ይህን በቤታችን ሰምተነው አናውቅም። እኛ የምናውቀው አባቴን አግብታ መጣች የሚለውን ነው፤ ሰርግሽ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቃት የለም። እኔ አድማ መታች እያልሁ ለደንበኛ ሁሉ ሳወራ፣ ሳስቅባት ነበር የሰነበትሁ። አፈርሁ። የምገባበት ጠፋኝ።

ባልቴቷ ክፍቱን አልፈው አንድ እግራቸውን እኛ ግቢ አስገቡ። አሥራ አንደኛ ሰው ሆኑ። በሩ ጋ የቆመችው ልጅ አየቻቸው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«አባትሽ ባይኖሩ እኔ አለሁ» አሉ። «ነይ።»

እናቴ፣ ልጇን ልትድር የተዘጋጀች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ አዲስ ቀሚሷን ሳትሰበስብ መሬት ላይ ተንበረከከችና የባልቴቷን ጉልበት ሳመች። ባልቴቷ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ፣ ልክ ገና ዛሬ እንደምትዳር ልጅ መረቋት። ጎጆሽ ይሙቅ አሏት። መንገድሽ ይቅና አሏት። የሄድሽበት አገር ይልመድሽ አሏት። ሦስቱም ግቢ አሜን አለ።

እህቴ የእማዬ ቀሚስ አቧራ ሲነካው አይታ ብብቷን ይዛ ልታነሳት ሞከረች።

«ተይኝ» አለች እናቴ፣ ራሷን ሳታነሳ። «ገና አልጨረሱም።»